ዓባይ ስንት ዓመት ፈጀበት? የአክስቴ ጎተራስ ስንት ይቀረዋል?

ፕሌኖ ቤት በገዛሁ በሁለተኛው ዓመት የሳሎኔ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ ሰያፍ እየሄደ ወደ ጣሪያው የሚወጣ፣ ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ ነው። ዳላስና ዙሪያዋ የምትኖሩ ነገሩን ታውቁታላችሁ። እዚህ ቤት ያለው ሐበሻ ለቅሶ ቤት ተቀምጦም ቢሆን ስለ ፋውንዴሽን ማውራቱ አይቀርም። በበጋ የቤትህን መሠረት ውኃ አጠጣ ይሉሃል፣ እንደ ጎመን መደብ። መጀመሪያ ስሰማ ቀልድ መስሎኝ ነበር። አሁን እኔም ቤቱን ዙሪያውን የሚያንጠባጥብ ጎማ ዘርግቻለሁ።

አንድ የጥገና ድርጅት መጥቶ አሥራ አራት ሺህ ዶላር ጠየቀኝ። ደነገጥኩና ጥገና የማይሸጥ፣ ለምርመራ ብቻ የሚከፈለው መሐንዲስ ጠራሁ። ሰውየው ስንጥቁን አየት አደረገ፣ ከኪሱ እርሳስ አውጥቶ ጫፉ ላይ አጭር መስመር አሰመረ፣ አጠገቡ ቀኑን ጻፈ። «ይሄ ያለፈው ባለቤት ትቶልህ የሄደው ይሁን፣ ዛሬም እየሄደ ያለ ይሁን አላውቅም። አንተም አታውቅም። አንድ ዓመት ጠብቅ፤ መስመሩን ካለፈ ደውልልኝ» ብሎኝ ሄደ።

በዚያው ሰሞን ደጀን አጠገብ ገጠር ካለችው አክስቴ ጋር በቪዲዮ ስናወራ ጓሮዬን አሳየኋት። ነሐሴ ነበር። እነሱ ጋ ሰማዩ አልቅሶ አይጠግብም፤ እኛ ጋ ቴክሳስ ይነዳል፤ መሬቱም እጅ እስኪያስገባ ተሰነጣጥቋል። አክስቴ ሳቋ መጣ። «ይሄማ ዋልካ ነው! እንዴ ልጄ፣ ያን ያህል አገር አቋርጠህ ሄደህ ዋልካ ላይ ቤት ትገዛለህ?»

እውነቷን ነው። የእኛ ሰፈር አፈር ሂውስተን ብላክ ይባላል፤ የቴክሳስ ግዛት መለያ አፈር ተብሎ የተሰየመ ጥቁር ሸክላ ነው። ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። የደጀንና የብቸና ጤፍ ለሚበቅልበት ዋልካ የቅርብ ዘመዱ ነው።

ከዚያ ስልኩን የያዘው የአጎቴ ልጅ ካሜራውን አዞረው። ከጎተራዋ ጀርባ ቦረቦር አለ። የዛሬ ሰባት ዓመት ስሄድ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ነበር። አሁን ሁለቱ ባሕር ዛፎች ወድቀው ውስጡ ተኝተዋል፤ የቦረቦሩም አፍ ወደ ጎተራው ተጠግቷል።

ያን ዕለት ማታ የቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ጦር ሜዳ ሆነ። ጀርመን ያለው የአጎቴ ልጅ «ሦስት ሺህ ዶላር እናዋጣና በጋቢዮን እንዝጋው» አለ። አዲስ አበባ ያለችው እህቱ «መሬቱ እንደሆነ ሄዷል፤ እሷን ደብረ ማርቆስ ቤት እንከራይላት» አለች። አክስቴ ስትሰማ «ከአባቴ ቤት አስወጥታችሁ ኪራይ ቤት ልትከቱኝ?» ብላ ተቆጣች። ጋሼ፣ ማለት የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ ቦረቦሩ እየሮጠ ነው ይላል። አባቴ ደግሞ «ኧረ ድሮም ነበረ፤ ልጆች ሆነን ጥጃ ገብቶ ሞቶበታል» ይላል። ሁሉም ይናገራል፣ ሁሉም ልቡ ተነክቷል፤ ግን ቦረቦሩ በዓመት ስንት ክንድ እንደሚሄድ የሚያውቅ ከመካከላችን አንድም ሰው አልነበረም። የእኔ ግድግዳ ጥያቄ ነው፦ የቆየ ነው ወይስ የሚሄድ?

ኮድ ሲጽፍ የሚያድር ሰው ሲጨንቀው የሚያደርገውን አደረግሁ፤ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያገኘሁት ነገር ደግሞ ከቤቴ ሃያ ደቂቃ በመኪና የሚርቅ ሆነ።

ማስተርሴን የሠራሁት ሪቻርድሰን ባለው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ በዳላስ ነው። ይህን ከሚያነቡት መካከልም እዚያ የተማረ ወይም እየተማረ ያለ አይጠፋም። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ግቢ ስመላለስ፣ የዓባይ በረሃ እዚያ መለካቱን አልሰማሁም። በ2007 እ.ኤ.አ. በዚሁ ዩኒቨርሲቲ የጂኦሳይንስ ክፍል የነበረችው ናሂድ ጋኒ፣ ከሮይሃን ጋኒና ከመሐመድ አብደልሰላም ጋር ሆና ጂኤስኤ ቱዴይ በሚባለው መጽሔት አንድ ጥናት አወጣች። ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል፦ ዓባይ ያን ሁሉ ገደል ሲቆፍር ስንት ድንጋይ ወሰደ? መልሱ ቢያንስ 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ነው። የሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ሲሞላ 74 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ይይዛል። ሐይቁን ከ1,250 ጊዜ በላይ በድንጋይ ሞልታችሁ አስቡት።

ከጎኃ ጽዮን ወደ ደጀን በአውቶቡስ የተጓዘ ሰው ይህን ድንጋይ በዓይኑ አይቶታል፤ ወይም መጋረጃ ዘግቶ ተኝቶ አልፎታል፣ እንደ እኔ። ቁልቁል ሲወረድ መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት ነው። ከሥሩ የባሕር ዛጎል ያለበት የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰም፣ ከታች ደግሞ አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ጎጃምና ሸዋ በአንድ ዘመን ባሕር ነበሩ ማለት ነው። (ፕሌኖም እንዲሁ ነው። ኋይት ሮክ ክሪክ ዳር ብትወርዱ ከጥቁሩ አፈር ሥር ነጭ ድንጋይ ታያላችሁ፤ ዳይኖሰር በነበረበት ዘመን ባሕር ውስጥ የተከማቸ ነው።)

የላይኛው ባዛልት ዕድሜ የሚታወቀው እንዲህ ነው። ውስጡ ፖታሲየም አለ። ከፖታሲየሙ እጅግ ጥቂቱ ራዲዮአክቲቭ ነው፤ ግማሹ እስኪያልቅ 1.25 ቢሊዮን ዓመት ይፈጃል፤ ሲያልቅም ከፊሉ አርገን የሚባል ጋዝ ይሆናል። ድንጋዩ ቀልጦ ሲፈስ ጋዙ ያመልጣል። ሲጠጥር ግን ተይዞ መጠራቀም ይጀምራል። ለእኛ ሙያ ሰዎች፣ ሰርቨር ሪስታርት ሲደረግ ሰዓቱ ከዜሮ እንደሚነሳው ማለት ነው። በዚህ ዘዴ በ1997 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣው ጥናት፣ ከፍታውን የሸፈነው ላቫ አብዛኛው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ በአንድ ሚሊዮን ዓመት ወይም ባነሰ ጊዜ ውስጥ እንደፈሰሰ አሳየ።

ወንዙ መቁረጥ የጀመረበትን ጊዜ ለማወቅ ደግሞ ሌላ ሰዓት አለ። አፓታይት የሚባል ማዕድን ውስጥ ሂሊየም ይጠራቀማል። ድንጋዩ ከመሬት በታች ሞቆ ሳለ ሂሊየሙ ያመልጣል፤ የላዩ ተሸርሽሮለት ወደ 70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዝ መያዝ ይጀምራል። ስለዚህ የሂሊየሙ ዕድሜ፣ ከላይ የነበረው ሸክም መቼ እንደተነሳ ይናገራል። ፈረንሳዊው ራፋኤል ፒክና ባልደረቦቹ በ2003 በዚህ መንገድ የዓባይን ሸለቆ መሸርሸር ጅማሮ ከ25 እስከ 29 ሚሊዮን ዓመት ወደ ኋላ ወሰዱት። የእነ ናሂድ ጋኒ ጥናት የጨመረው ፍጥነቱን ነው። ወንዙ በአንድ ልክ አልቆፈረም፤ ከ10 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ፈጠነ፣ ከ6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ደግሞ ባሰበት። ምክንያቱ መሬቱ ራሱ ከሥር መነሳቱ ነው ይላሉ።

የድንጋዩን መጠን ለማወቅ መሬት ላይ ገመድ የዘረጋ የለም። በየካቲት 2000 ኢንዴቨር የምትባለው መንኮራኩር በራዳር የለካችው የመሬት ከፍታ ዳታ አለ፤ ለማንም ክፍት ነው። ሸለቆው ከመቆፈሩ በፊት የነበረውን ወለል ዳር ዳር ከቀሩት ከፍታዎች ተነስቶ እንደ ክዳን ማልበስ፣ ከዚያ የዛሬውን መሬት ከክዳኑ መቀነስ ነው። እኔም አንድ ቅዳሜ ዳታውን አውርጄ በፓይተን ሞከርኩት። የመጀመሪያው ውጤቴ ዓባይ በረሃ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ ጥልቀት አለው የሚል ነበር! ለካ ራዳሩ የገደሉን ጥላ ማየት ሲያቅተው ዳታው ላይ «የለም» ለማለት የሚቀመጠው ቁጥር ከዜሮ በታች 32,768 ነው፤ እኔ ያንን እንደ ከፍታ ቆጥሬው ኖሯል። ጀማሪ እንኳ የማይሠራው ስህተት። ካስተካከልኩት በኋላም ክዳኑን ትንሽ ከፍ ዝቅ ባደረግሁ ቁጥር ውጤቱ ብዙ ይለዋወጥ ነበር። እነሱ «ቢያንስ» የምትለዋን ቃል ለምን እንደጻፉ የገባኝ ያኔ ነው።

ከዚያ ሒሳቡን በወረቀት ላይ ሠራሁት። 93,200 ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ለ29 ሚሊዮን ዓመት ሲካፈል በዓመት 3.2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ነው፤ በክብደት ከ9 ሚሊዮን ቶን በታች። ሕዳሴ ከመሠራቱ በፊት ዓባይ በየዓመቱ ሱዳን ድንበር ላይ ያደርሰዋል ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የደለል ግምት ግን 140 ሚሊዮን ቶን አካባቢ ነው። አሥራ ስድስት እጥፍ ገደማ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ይህን ቁጥር ብቻ ቆርጦ ፌስቡክ ላይ የሚለጥፍ አይጠፋምና። የ29 ሚሊዮን ዓመት አማካይ ውስጥ ወንዙ ያንቀላፋባቸው ዘመናት አሉ። የቅርቦቹ ሚሊዮኖች ፈጣን ናቸው፤ ከእነሱ ጋር ብቻ ቢነጻጸር ልዩነቱ ይጠባል። ውኃው አሟሙቶ የወሰደውም አለ። ያም ሆኖ አንድ ነገር ይታያል። ያ የድሮው አማካይ የተሠራው በጠንካራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ዛሬ የሚሄደው ደግሞ በአብዛኛው አፈር፣ ያውም የታረሰ አፈር ነው።

የታረሰውን አፈር ለብቻው የለካ ሰው አለ። ስዊዘርላንዳዊው ሐንስ ሁርኒ በ1970ዎቹ የስሜን ተራሮች ፓርክ ኃላፊ ነበር። በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ፕሮግራም ሲጀመር በአገሪቱ ልዩ ልዩ ቦታዎች የመለኪያ ጣቢያዎች ተተከሉ፦ ወሎ ላይ ማይባር፣ ሰሜን ሸዋ ላይ አንዲት ጥድ፣ ደምበጫ አጠገብ አንጀኒ፣ ሌሎችም። ሁርኒ በ1988 ያወጣው ግምት ከታረሰ መሬት በአማካይ በዓመት በሄክታር 42 ቶን አፈር ይሄዳል ይላል። እኛ አገር በቃዳ ነው የሚቆጠረው፤ አራት ቃዳ አንድ ሄክታር ነው። ከአንድ ቃዳ በየዓመቱ ከመቶ ኩንታል በላይ አፈር ማለት ነው። ከመቶ ኩንታል በላይ! ከዚያች ቃዳ የሚገኘውን ጤፍ ከጎኑ አስቀምጡና አስቡት። በውፍረት ሲታይ ሦስት ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ስለሆነ ገበሬው በዓይኑ አያየውም። የወጣው አፈር ሁሉ ወንዝ አይገባም፤ ብዙው ከታች ካለው ማሳ ወይም ከድንበሩ ሥር ይቀራል። ለተወሰደበት ሰው ግን ያው ነው።

እኔን የገረመኝ ከቁጥሩ ይልቅ አሠራሩ ነው። አንጀኒ ላይ ከ1984 ጀምሮ፣ በደርግም ከደርግ በኋላም፣ ዝናብ ሲዘንብ ሰው ወጥቶ ጎርፉን ለክቷል፣ ደለሉን በጠርሙስ ቀድቷል፣ ጽፏል። እኛ የሠራነው ሲስተም ለሦስት ወር ሎግ ሲያጠራቅም ዲስኩ ሞላ ብለን እናጠፋዋለን።

አሜሪካኖቹም በዚሁ መንገድ አልፈዋል። ከፕሌኖ ወደ ደቡብ ከሁለት ሰዓት በላይ ሲነዳ፣ ዌኮ አጠገብ ሪዝል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ በእኛው ዓይነት ዋልካ ላይ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተጀመረ የመንግሥት የጎርፍና የአፈር መለኪያ ጣቢያ ዛሬም ይሠራል። የጥጥ ገበሬው አፈሩን በጎርፍ ያጣበት ዘመን ነበር። እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ከተሰበሰበ ብዙ ሺህ መረጃ ነው በ1965 በመመሪያ መልክ የወጣው የአፈር መጥፋት ቀመር የተቀመመው፤ ሁርኒ ደግሞ በ1985 ለኢትዮጵያ እንዲስማማ አስተካከለው። የቴክሳስ ዋልካና የጎጃም ዋልካ በአንድ ቀመር ይተዋወቃሉ። አክስቴ ያለ ቀመር ማወቋ ሌላ ነገር ነው።

እንግዲህ የእኔ ቅሬታ ይህ ነው። እኛ ውጭ ያለነው ለአገር ቤት መሬት ፎቶና ገንዘብ እንልካለን፤ ከዚያ ወዲያ አንጠይቅም። አገር ቤትም ልማዱ ያው ነው። በሐምሌ 2019 በአንድ ጀምበር ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል ሁላችንም ሼር አድርገናል፤ እኔም አድርጌያለሁ። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ጸደቀ ብሎ በየዓመቱ የሚቆጥረውን ሰው ግን ሼር አናደርግም። ሥራ ቦታችን ላይ ሳይለካ የተለቀቀ ነገር ቢኖር እንጮሃለን። የእናቶቻችን ጓሮ ላይ ሲሆን ግን «እግዜር ያውቃል» ብለን ሦስት ሺህ ዶላር ለመላክ እንዘጋጃለን።

አገሩ ሰላም ባጣበት ጊዜ ስለ አፈር ማውራት ቅንጦት የሚመስለው ይኖራል። አልፈርድበትም። ዝናቡ ግን ተኩሱ እስኪቆም አይጠብቅም።

ሌላ ያነበብኩት ነገር ሦስት ሺህ ዶላራችንን አዳነው። ከባሕር ዳር ወደ ደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ባለው ደብረ ማዊ፣ የባሕር ዳርና የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ቦረቦር ሲለኩ ኖረዋል። ያገኙት ነገር፣ ዋልካ ላይ ያለ ቦረቦር የሚሰፋው ከላይ በሚወርደው ጎርፍ ብቻ አለመሆኑን ነው። ክረምቱ ሲገፋ የከርሰ ምድር ውኃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ ከፍ ይላል፤ ግድግዳው ውኃ ጠጥቶ ይከብድና ራሱን ይጥላል። ከዚያ ጎርፉ የወደቀውን ጠርጎ ይሄዳል። እንዲህ ባለ ቦታ ጋቢዮን ብቻውን ቢደረደር ውኃው በጎኑ ዞሮ ያልፈዋል። ለጋሼ ደውዬ «መስከረም ላይ የቦረቦሩ ግድግዳ ውኃ ያወጣል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ያለቅሳል እንጂ! እስከ ጥቅምት ያለቅሳል» አለኝ። ይህን ከእኛ መካከል ጠይቆት የሚያውቅ አልነበረም።

በግንቦት፣ ዝናብ ሳይገባ፣ ጋሼና ልጁ ከቦረቦሩ አፍ እስከ ጎተራው በክንድ ለኩ። 31 ክንድ ሆነ። በየአምስት አምስት ክንዱ ችካል ተከሉ፤ የአጎቴ ልጅ በየእሑዱ ፎቶ እንዲልክ ተስማማን። ኔትወርክ ሲኖር ነው እንግዲህ። ሰኔ አለፈ፣ ችካሎቹ እንዳሉ ናቸው። ሐምሌ ሙሉ ዘነበ፣ የመጀመሪያው ችካል እንኳ አልተነካም። ግሩፑ ላይ «ቆሟል! ድሮም አባባ ብለዋል» ተባለ። የጀርመኑ ልጅ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ላውለው ወይ ብሎ ጠየቀ።

ነሐሴ አጋማሽ ላይ አንድ ሌሊት ሁለት ችካል አብሮ ሄደ።

መስከረም ላይ ሲለካ 18 ክንድ ቀርቷል። 13 ክንድ በአንድ ክረምት፤ ከዚያም አብዛኛው በአንድ ሌሊት። እኔ ከባሕር ዛፎቹ ጀምሬ የሰባቱን ዓመት አማካይ ሳሰላ በዓመት ዘጠኝ ክንድ አካባቢ መጥቶልኝ ነበር፤ በዚያ ሒሳብ ጎተራው ሁለት ክረምት ይቀረዋል። ግን ወንዙም ቦረቦሩም በአማካይ አይሄዱም። ለአክስቴ «ሁለት ዓመት አለሽ» ብዬ ልነግራት አልደፈርኩም።

ጎተራው በጥቅምት በሰው ሸክም ተነስቶ ከቤቱ በላይ ዞረ። ቤቱ ባለበት ነው፤ አክስቴም ያለችበት ናት። ከተዋጣው ገንዘብ ላይ ጥቂቱ ከላይ ለሚመጣው ጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ወጣ፤ የቦረቦሩ ግድግዳ በዶማ ተዳፋት እንዲሆን ተደረገ፣ ሣር ተተከለበት። ከብት እንዳይገባ ከጎረቤት ጋር መስማማቱ ከሁሉም ከባዱ ሥራ ነበር፤ ጋሼ ለሱ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። የተወሰዱት ችካሎች በአዲስ ተተክተዋል።

ጎተራው የተነሳ ሰሞን አክስቴ ደውላ ስለ ከብቱ፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ሁሉም ከነገረችኝ በኋላ «ያንተስ ግድግዳ?» አለችኝ። ሄጄ አየሁት። የእርሳሱን መስመር አልፎ አንድ ጣት ያህል ሄዷል።

«ውኃው በየት በኩል ነው የሚመጣብህ?» አለችኝ።

አላየሁም ነበር።